የድሮ የእርሻ ትራክተር፦ ስለ መሰብሰብ፣ መሸጥና ማጓጓዝ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው በአሜሪካ የድሮ የእርሻ ትራክተር ለመግዛት፣ ለመሸጥ ወይም በከባድ መኪና ጭኖ ለማድረስ ለሚያስቡ አማርኛ አንባቢዎች ነው። ጥያቄዎቹ በአብዛኛው የሚመጡት ከሁለት ወገን ነው፤ አንደኛው አርሲ ወይም ባሌ ትራክተር እያየ ያደገና ዛሬ አንዱን በግቢው ለማቆም የሚመኝ ሰው ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ፍላትቤድ (ወለሉ ጠፍጣፋ የሆነ ረጅም ተሳቢ) የሚጎትትና ትራክተር ጫን ሲባል የሚያመነታ ሾፌር ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

«የድሮ» የሚባለው ከስንት ዓመተ ምሕረት በፊት የተሠራ ትራክተር ነው?

በሕግ የተወሰነ ልክ የለውም። ብዙ ሰብሳቢዎች ግን 1960ን እንደ ድንበር ይወስዱታል፤ ምክንያቱም ጆን ዲር የተባለው የትራክተር ኩባንያ በ1918 የዋተርሉ ቦይ ትራክተርን ፋብሪካ ከገዛ ጀምሮ ሲሠራበት የኖረውን ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር ትቶ ወደ ባለ አራትና ባለ ስድስት ሲሊንደር የተሻገረው በዚያ ዓመት ነው። የ1960ዎቹ ትልልቅ የናፍጣ ትራክተሮችም አሁን ፈላጊ አላቸው፤ እዚህ ላይ ግን የማተኩረው ከዚያ በፊት በተሠሩት ላይ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው የትኛው ይሻላል?

ፎርድ 8ኤን ይሻላል ባይ ነኝ። ከ1947 እስከ 1952 ባለው ጊዜ ከ500,000 በላይ ስለ ተሠራ ዛሬም በብዙ የገበሬ ጎተራ ውስጥ ይገኛል፤ ካንዴላው፣ ካርቡሬተሩ፣ የፍሪሲዮን ሸራው፣ ፓራፋንጎው ሳይቀር አዲስ እየተሠራ ይሸጥለታል። ክብደቱም 2,400 ፓውንድ ገደማ ብቻ ስለሆነ በተራ ፒካፕና በመጠነኛ ተሳቢ ይጓጓዛል። ከእርሱ በፊት የነበሩት 9ኤንና 2ኤን ካምቢዮአቸው ሦስት ማርሽ ብቻ ሲኖረው የ8ኤን አራት ነው። በቀደሙት ላይ የግራው ፍሬን የሚገኘው በግራ እግር በኩል፣ ከፍሪሲዮኑ አጠገብ ስለሆነ ቁልቁለት ላይ ፍሪሲዮን ረግጦ ሁለቱንም ፍሬን መያዝ ያስቸግራል፤ 8ኤን ይህን አስተካክሎ ሁለቱንም ፍሬኖች ወደ ቀኝ አምጥቷቸዋል።

ይሁን እንጂ 8ኤን ሊታወቅ የሚገባው አንድ ጠባይ አለው። የሃይድሮሊክ ፓምፑም ሆነ ከኋላ የሚወጣው የኃይል ዘንግ ከካምቢዮው ጋር ተያይዘው ስለሚዞሩ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ማንሻው ሥራውን ያቆማል፤ ከዚህ የከፋው ደግሞ ከኋላ የሚሽከረከር የሣር ማጨጃ ሲገጠምለት ነው፤ ሾፌሩ ፍሪሲዮን ቢረግጥም ምላጩ በራሱ ጉልበት መዞሩን ስለማያቆም በዘንጉ በኩል ትራክተሩን ወደ ፊት መግፋቱን ይቀጥላል። በዘንጉ ላይ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዝ መጋጠሚያ ሳያስገቡ አጥር አጠገብ ሣር ማጨድ አጥሩን ይዞ መሄድ ማለት ነው።

ከዚህ ከፍ ያለ ጉልበት ለሚፈልግ ፋርሞል ኤች መልካም ነው። ከ1939 እስከ 1953 ድረስ 390,000 ገደማ ተሠርቷል፤ የአካሉን ቅርጽ ያወጣው ስመ ጥሩው ንድፍ አውጪ ሬይመንድ ሎዊ ነው። ነገር ግን በአብዛኞቹ ላይ ሁለቱ የፊት ጎማዎች ተጠጋግተው መሀል ላይ ስለተተከሉ በተዳፋት መሬት ላይ እንደ ልብ አይነዳም።

አርሲ ላይ የምናውቀው ቀዩ ማሴ ፈርጉሰን ከእነዚህ ጋር ዝምድና አለው?

አለው፤ ዝምድናው ደግሞ የቅርብ ነው። ሃሪ ፈርጉሰን የተባለው የሰሜን አየርላንድ ሰው ማረሻውን በሦስት ነጥብ ከትራክተሩ ጋር አጣብቆ በሃይድሮሊክ የሚያነሳና የሚያወርድ ዘዴ ነበረው። በ1938 ከሄንሪ ፎርድ ጋር ያለ ጽሑፍ፣ በመጨባበጥ ብቻ ተዋዋለ፤ በ1939 በ585 ዶላር ገበያ ላይ የዋለው ፎርድ 9ኤን የዚያ መጨባበጥ ልጅ ነው። በኋላ ግን የፎርድ ኩባንያ ፈርጉሰንን ወደ ጎን ትቶ በ1947 8ኤንን አወጣ፤ ፈርጉሰንም ከሰሰ፤ ክርክሩም በ1952 ፎርድ 9.25 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል በተደረገ ስምምነት ተቋጨ። ፈርጉሰን በዚያው ዘመን በእንግሊዝ ኮቨንትሪ ውስጥ ግራጫ ቀለም ያለውን ቲኢ20 ከ1946 ጀምሮ ሲያሠራ ቆይቶ ድርጅቱን በ1953 ከካናዳው ማሴ ሃሪስ ጋር አዋሃደ። ማሴ ፈርጉሰን የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። ስለዚህ በኋላ ኢትዮጵያ የገባው ማሴ ፈርጉሰን ማረሻውን የሚያነሳበት ባለ ሦስት ነጥብ ማያያዣ በመሠረቱ በ9ኤን ጀርባ ላይ የሚታየው ነው።

የተሠራበትን ዓመት በምን አውቃለሁ?

በተከታታይ ቁጥሩ ይታወቃል፤ ሻጭ የሚናገረው ዓመት ብዙ ጊዜ ከአባቱ የሰማው ነው። በፋርሞል ኤችና ኤም ላይ ቁጥሩ ያለበት ሰሌዳ በፍሪሲዮን ቤቱ ግራ ጎን ላይ ይገኛል፤ በኤች ላይ ኤፍ ቢ ኤች፣ በኤም ላይ ኤፍ ቢ ኬ በሚሉት የላቲን ፊደላት ይጀምራል። በባለ ሁለት ሲሊንደሩ ጆን ዲር ኤ ላይ ሰሌዳው በዋናው አካል ቀኝ ጎን ላይ ነው። ፎርድ ኤኖች (9ኤን፣ 2ኤንና 8ኤን) ግን ሰሌዳ የላቸውም፤ ቁጥሩ የተቀረጸው ከፊትና ከኋላው በኮከብ ምልክት ታጅቦ በሞተሩ ብሎክ ግራ ጎን ላይ ነው። በዚህም ምክንያት በሰባ ዓመት ውስጥ ብሎኩ የተቀየረለት ፎርድ የራሱን ሳይሆን የሌላ ትራክተር ቁጥር ተሸክሞ ሊገኝ ይችላል፤ ቁጥር ጨርሶ የሌለውም አለ፤ በመለዋወጫነት የተሸጡ ብሎኮች ቁጥር አልተቀረጸባቸውምና። እንዲህ ሲሆን ዲስትሪቢዩተሩን ማየት ይጠቅማል። በመጀመሪያዎቹ 8ኤኖች ላይ ከሞተሩ ፊት፣ ከራዲያተሩ ማራገቢያ ኋላ ተሸሽጎ ይገኝ የነበረው ዲስትሪቢዩተር ከ1950 ወዲህ ወደ ጎን ተዛውሯል።

በዝገት የማይነበብ ቁጥር ላይ ኖራ መቀባትና በጨርቅ መጥረግ አብዛኛውን ጊዜ እንዲነበብ ያደርገዋል። በመፍጫ ድንጋይ የጸዳ ወይም በአዲስ ሚስማር የተመታ ሰሌዳ ካያችሁ ግን ዋጋ ከመነጋገር በፊት ምክንያቱን ጠይቁ።

አንዱ በጥቂት መቶ፣ ሌላው በብዙ ሺህ ዶላር የሚሸጠው ለምንድን ነው?

ዋጋን የሚያንረው እርጅና ሳይሆን ጥቂትነት ነው። የተለመደው ጆን ዲር ኤ በብዛት ተሠርቷል፤ በ1934 የወጡት የመጀመሪያዎቹ ግን የማራገቢያ ዘንጋቸው ሳይሸፈን ከላይ ስለሚታይ ወዲያው ይለያሉ፤ ፈላጊያቸውም ሌላ ነው። ንድፍ አውጪው ሄንሪ ድሬፈስ በ1938 ራዲያተሩንና መሪውን በቆርቆሮ ሸፍኖ ካሳመራቸው በፊት የነበሩት «ያልተዋቡ» ሞዴሎች፣ ለፍራፍሬ እርሻ ዝቅ ተደርገው የተሠሩት፣ ለሸንኮራና ለአትክልት ከፍ ተደርገው የተሠሩት ሁሉ ከወንድሞቻቸው በላይ ያወጣሉ። ጥቂትነት ጫፍ ሲደርስ ምን እንደሚመስል ለማየት ሚኒያፖሊስ ሞሊን በ1938 የሠራውን ዩዲኤልኤክስ መመልከት ይበቃል፤ ዝግ ጋቢና፣ ማሞቂያና ሬዲዮ ነበረው፤ ገበሬው ቀን ሊያርስበት፣ ማታ ከነሚስቱ ከተማ ሊሄድበት ታስቦ ተሠርቶ 150 ገደማ ብቻ ወጣ። በዘመኑ ገዥ ያጣው ትራክተር ዛሬ ከሁሉም ውዶች አንዱ ነው።

ቀለም ላይ ተጠንቀቁ። ፋርሞሎች ቀይ መቀባት የጀመሩት በ1936 መጨረሻ ገደማ ነው፤ ከዚያ በፊት ግራጫ ነበሩ። ስለዚህ ቀይ የተቀባ የ1933 ፋርሞል ኤፍ20 ያደሰው ሰው ስለ ትራክተሩ ብዙ እንዳልጠየቀ ያሳያል፤ ቀለሙን እንዲህ የቸኮለበት ሰው ሞተሩን እንዴት እንዳደረገው መገመት አያቅትም። በ1950 ለማስተዋወቂያ ነጭ የተቀቡ ትንንሽ ፋርሞሎች ነበሩ፤ ነጭ ቀለም ግን በየሱቁ ስለሚሸጥ አሮጌው ነጭ በብሎኖችና በማጠፊያዎች ስር መኖሩን ሳያዩ በነጭነቱ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል አይገባም።

«ሲቆም ይሠራ ነበር» የሚል ማስታወቂያ ምን ማለት ነው?

ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ የማይነገረው ግን ለምን እንደቆመና ስንት ክረምት እንደከረመ ነው። እኔ ራሴ በዚህ ቃል ተማምኜ አንድ ትራክተር 400 ማይል ጭኜ ካመጣሁ በኋላ፣ በራዲያተሩ የቀረው ውሃ በውርጭ በርዶ ብሎኩን በጎኑ ሰንጥቆት፣ ስንጥቁም ተሞልቶ ቀለም ተቀብቶበት አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ የብሎኩን ሁለት ጎን በባትሪ መብራትና በጥፍሬ ሳልፈትሽ እጄን ኪሴ አልከትም።

ትራክተሩ ባይነሳም እንኳ ሞተሩ መዞሩን ማወቅ ይቻላል። ካንዴላዎቹን ፈትቶ በማኖቬላ ማዞር፣ ጆን ዲር ከሆነ ደግሞ በግራ ጎኑ ያለውን ትልቅ ቮላኖ በእጅ መሞከር ነው። ከዞረ ተስፋ አለው። ካልዞረ ማርሚታው ሳይከደን ዝናብ ገብቶ ፒስተኑን ከሲሊንደሩ ጋር አጣብቆታል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ይህም በዝገት ማላቀቂያ ዘይት እየነከሩ ለሳምንታት በትዕግሥት ቢይዙት የሚፈታበት ጊዜ አለ። የተጣበቀን ሞተር ማርሽ አስገብቶ በሌላ ትራክተር መጎተት ግን የፒስተኑን ክንድ ያጣምማል። የዘይት መለኪያውን ስታወጡ ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል።

ጎማው ከሞተሩ ባላነሰ ያከስራል። ብዙ ገበሬዎች ክብደት ለመጨመር የኋላ ጎማዎችን በካልሲየም ክሎራይድ የጨው ውሃ ይሞሉ ነበር፤ ጨዉ ሲያፈስ ቸርኬውን ይበላዋል። በአንዳንድ ትራክተር ላይ ሁለት አዲስ የኋላ ጎማና ሁለት ቸርኬ ከትራክተሩ ከራሱ ዋጋ ይበልጣሉ።

ምን ሰነድ ያስፈልገኛል?

በአብዛኞቹ ግዛቶች የእርሻ ትራክተር እንደ መኪና የባለቤትነት ደብተር አይወጣለትም፤ ያለው ሰነድ የሽያጭ ውሉ ብቻ ነው። ስለዚህ ውሉ የሻጭና የገዥ ሙሉ ስምና አድራሻ፣ የትራክተሩን ዓይነት፣ ተከታታይ ቁጥር፣ ዋጋና ቀን ይዞ በሁለቱም መፈረም አለበት። ደብተር ባለመኖሩ ምክንያት ትራክተሩ በብድር ተይዞ እንደሆነ የሚታወቀው በግዛቱ ጸሐፊ ቢሮ ከሚገኘው የመያዣ መዝገብ ነው፤ በሻጩ ስም መፈለግ ብዙ ጊዜ አይፈጅም፤ በተለይ ሻጩ ብዙ መሣሪያ በአንድ ጊዜ የሚሸጥ እርሻ ከሆነ ፍለጋው አይዘለል።

ከጨረታ ልግዛ ወይስ ከገበሬው?

ለጀማሪ ከገበሬው ይሻላል፤ አስነስቶ ያሳያል፣ ታሪኩን ይናገራል፣ ለማንሳትም ቀን ይሰጣል። ጨረታ ብርቅ የሆኑትን ለሚፈልግ ነው፤ ሚከም የተባለው አጫራች «ጎን ፋርሚን» በሚል ስም የሚያካሂዳቸው ሽያጮች በዚህ ረገድ ይታወቃሉ። በጨረታ ከመጨረሻው ዋጋ ላይ የገዥ ክፍያ በመቶኛ እንደሚታሰብና ዕቃው በተቆረጡ ቀናት ውስጥ መነሳት እንዳለበት ደንቡን አስቀድሞ ማንበብ ይገባል። ማጓጓዣ ሳያዘጋጁ እጅ ማውጣት ለጫኙ መደራደሪያ መስጠት ነው።

የራሴን ለመሸጥ ስል ቀለም ልቀባው?

አይቀቡት። ደብዝዞም ቢሆን የፋብሪካው ቀለም ያለበት ትራክተር ታማኝ ነው፤ ትኩስ ቀለም የተቀባውን ግን ገዥ የሚጠይቀው ምን ሸፈነ ብሎ ነው። አጥቡት፤ ሳልባቲዮውን አጽዱ፤ ከቀዘቀዘ ሞተር ሲነሳ በቪዲዮ ቅረጹ፤ የቁጥሩን ሰሌዳ፣ የአራቱን ጎማዎችና የብሎኩን ሁለት ጎን ፎቶ አንሱ። ጉድለቱን ራሳችሁ ብትናገሩት ከሩቅ የሚመጣው ገዥ በር ላይ ዋጋ አይቀንስባችሁም። ስለ ፈረስ ጉልበት ክርክር ቢነሳ በ1919 በወጣ ሕግ መሠረት በሊንከን የሚገኘው የነብራስካ ዩኒቨርሲቲ ከ1920 ጀምሮ ያደረጋቸው የትራክተር ፈተናዎች ውጤት ለማንም ክፍት ስለሆነ ዳኛው እርሱ ነው።

ምን ዓይነት ተሳቢ ያስፈልጋል? አጫጫኑስ?

መጀመሪያ ትክክለኛውን ክብደት ማወቅ ያስፈልጋል። በመጽሐፍ ያለው ቁጥር የባዶ ትራክተር ነው፤ ፋርሞል ኤም ብቻውን 5,000 ፓውንድ ገደማ ይመዝናል፤ የጎማ ውሃ፣ ለክብደት በቸርኬ ላይ የሚታሰር ብረትና የፊት ጫኚ (ከፊት የሚገጠም አካፋ) ሲጨመር በጣም ይርቃል። ቀጥሎ ስፋቱ ይለካል፤ በዋና መንገዶች ላይ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚኬድበት ስፋት 102 ኢንች ሲሆን፣ ረጅም የኋላ አክስል ያላቸው የረድፍ ሰብል ትራክተሮች ጎማቸው ወደ ውስጥ ቢገባ እንኳ የአክስላቸው ጫፍ ሊወጣ ስለሚችል የሚለካው ከጫፍ እስከ ጫፍ ነው።

ከሻጮች ጋር ስትነጋገሩ የፊት ጎማው ሰፊ ነው ወይስ ጠባብ ብላችሁ መጠየቅን አትርሱ። ሁለት የተለያዩ መወጣጫዎች ብቻ ያሉት ተሳቢ ጠባብ የፊት ጎማ ላለው ትራክተር አይሆንም፤ የኋላ ጎማዎቹ በግራና በቀኝ መወጣጫ ሲወጡ የፊቶቹ መሀል ላይ ከበታቻቸው ምንም የላቸውም። ይህን ሳይጠይቅ ስድስት ሰዓት ነድቶ ባዶውን የተመለሰ ሾፌር አውቃለሁ። የፍላትቤድ ወለል አምስት ጫማ ያህል ከፍ ስለሚል፣ የመጫኛ መድረክም በገበሬ ግቢ ብዙ ጊዜ ስለማይገኝ፣ መወጣጫ ያለው ስቴፕ ዴክ (የኋላ ወለሉ ዝቅ ያለ ተሳቢ) ወይም ሎቤድ (ወለሉ ወደ መሬት የቀረበ ተሳቢ) ይመረጣል። በስቴፕ ዴክ ዝቅተኛ ወለል ላይ ሦስት ፋርሞል ኤም ተከታትለው ይቆማሉ፤ ትርፉም ያለው ከዚህ ነው።

በጣም ጥሩው አጫጫን በዊንች መጎተት ነው። እነዚህ ትራክተሮች ሾፌሩን ከመገልበጥ የሚጠብቅ ቋሚ ብረት የላቸውም፤ በቀጥ ያለ መወጣጫ ላይ በፊት ማርሽ ፍሪሲዮን በድንገት ሲለቀቅ የፊቱ ተነስቶ ወደ ኋላ ሊገለበጥ ይችላል። ባለ ብረት ጎማ ከሆነ ደግሞ ብረት በብረት ላይ ስለሚንሸራተት ከስሩ እንጨት ወይም ላስቲክ ይነጠፋል።

በስንት ሰንሰለት ይታሰራል?

የፌደራሉ ደንብ 10,000 ፓውንድና ከዚያ በላይ ለሚመዝን ማሽን ቢያንስ አራት ማሰሪያ፣ እያንዳንዱም ቢያንስ 5,000 ፓውንድ የሥራ አቅም ያለው እንዲሆን ያዛል። አብዛኞቹ የድሮ ትራክተሮች ከዚያ በታች ናቸው፤ እኔ ግን ለሁሉም አራት አስራለሁ። የማሰሪያዎቹ አቅም ተደምሮ ከጭነቱ ክብደት ግማሽ ማነስ የለበትም። ሰንሰለቱ የሚያዘው ከኋላ በአክስል ቤቱ፣ ከፊት ደግሞ በጠንካራው የፊት ድጋፍ ላይ ነው፤ በመሪው ዘንግ ላይ የታሰረ ሰንሰለት ዘንጉን ያጣምማል። የፊት ጫኚ ካለው እስከ ተሳቢው ወለል ድረስ ዝቅ ተደርጎ ለብቻው ይታሰራል።

ጎማው አየር ስላለው ትራክተሩ በመንገድ ላይ ይነጥራል፤ ሰንሰለቱም ይላላል። ደንቡ በመጀመሪያው 50 ማይል ውስጥ፣ ከዚያም በየ150 ማይሉ ወይም በየሦስት ሰዓቱ ጭነቱ እንዲፈተሽ የሚጠይቀው ያለ ነገር አይደለም። የወንበር ትራስ፣ የመሣሪያ ሳጥን ክዳንና የአየር ማጣሪያው ቆብ በነፋስ ስለሚሄዱ ተነቅለው ጋቢና ይግቡ፤ የማርሚታው አፍም ይታሸግ።

የሰው ትራክተር በክፍያ ለመጫን ምን ፈቃድ ይጠየቃል?

ከግዛት ግዛት በክፍያ የሚጭን ሰው የዩኤስ ዲኦቲ (የፌደራሉ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) ቁጥርና የማጓጓዝ ሥልጣን ያስፈልገዋል፤ መኪናው 10,001 ፓውንድና በላይ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ የ750,000 ዶላር የኃላፊነት መድን። የመኪናውና የተሳቢው ጠቅላላ ልክ 26,001 ፓውንድ ደርሶ ተሳቢው ከ10,000 ከበለጠ የክፍል ኤ መንጃ ፈቃድ ግዴታ ነው። እዚህ ላይ ባለቤቶች የሚሳሳቱት ነገር አለ፤ የኃላፊነት መድኑ መኪናው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት እንጂ ለትራክተሩ አይደለም፤ የጭነት መድን ለተራ ጭነት በፌደራል ደረጃ ግዴታ ስላልሆነ ባለቤቱ ማስረጃውን ጠይቆ ማየት አለበት። ሾፌሩም ከመጫኑ በፊት ትራክተሩን ከአራቱም ጎን ፎቶ አንስቶ ያለውን ጭረት በጭነት ወረቀቱ ላይ ያስፈርም።

ቤት ከደረሰ በኋላ መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ባትሪውን ሳታዩ ገመድ አታያይዙ። የ8ኤንና የብዙ ዘመነኞቹ ኤሌክትሪክ 6 ቮልት ሲሆን ከአካሉ ጋር የሚገናኘውም ፖዘቲቩ ነው፤ እንደ ዛሬ መኪና ነጌቲቩን ከአካሉ ጋር አድርጎ ማገናኘት ዲናሞውን ያበላሻል፤ ባለ 12 ቮልት ማስነሻ ደግሞ አምፖሉንና ኮይሉን ያቃጥላል። አንዳንዱ ቀደም ብሎ ወደ 12 ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል የባትሪውን ጽሑፍና የገመዱን አቅጣጫ ማየት ያስፈልጋል። ከዚያ በሳልባቲዮው ስር ያለችውን የብርጭቆ ማጣሪያ ፈትታችሁ እጠቡ፤ ኤታኖል ያለበት ያረጀ ቤንዚን የጎማ ቱቦዎችን ስለሚያሟሟ ቱቦዎቹን ለውጡ፤ የካምቢዮ ዘይቱን ከስር በትንሹ ለቅቃችሁ መጀመሪያ የሚወጣው ውሃ መሆን አለመሆኑን ተመልከቱ።

ትራክተሩን ወደ ኢትዮጵያ መላክ ያዋጣል?

ለእርሻ ሥራ አያዋጣም። የመርከቡና ከጅቡቲ ወዲህ ያለው ወጪ ሲደመር ከትራክተሩ ዋጋ በብዙ ይበልጣል፤ በቤንዚን የሚሠራና መለዋወጫው አሜሪካ ያለ ሞተር ለገበሬ ሸክም ነው። ለመታሰቢያ ከሆነ የጉምሩክን ወቅታዊ ደንብ በጽሑፍ ሳትይዙ ኮንቴይነር አትከራዩ፤ ከመጫኑም በፊት አፈሩን ከየጎማው ጥርስ ውስጥ አጥባችሁ አውጡ።